ፊቷ ያልታየው ጠፈርተኛ

ጋሼ ቀለም የሚሉት እጁ ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ነው። ቀን ቀን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ በትርፍ ጊዜው እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ለሚታተመው የልጆች መጽሔት የሥዕል ታሪክ ይሥላል። የእኔ ሥራ የታተመውን ወረቀት ማጠፍ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ እዚህ ወንበር ላይ ቀረሁ፤ ያነበብኩትም ይብዛም ይነስ እያጠፍኩ ነው።

ታሪኩ በመንኮራኩር ከቤቷ ስለወጣች ልጅ ነው። ከፕላኔት ፕላኔት ትዞራለች፣ ከነገረኛ ሮቦቶች ጋር ትጨቃጨቃለች፣ የጨረቃ ጫፍ ላይ ካልሲዋን ታሰጣለች። ሄልሜቷን ግን አውልቃ አታውቅም፤ መስታወቱም ሁልጊዜ ጥቁር ነው።

"ፊቷን ምነው ደበቅከው?" አልኩት አንድ ቀን።

"እኔስ የት አየሁት?" አለ ብሩሹን እያጠበ።

ገባኝ። የጋሼን ሴት ልጅ እናቷ ይዛበት ባሕር ማዶ ስትሄድ፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም ነበር። አሁን ትልቅ ልጅ ናት። አድራሻ የለ፣ ፎቶ የለ። መጽሔታችን እዚያም አገር እንደሚሸጥ የሰማ ዕለት ነው መሣል የጀመረው።

ባለፈው ወር አለቃችን ጠራው።

"ጋሼ፣ ታሪኩ በዚህ እትም ይለቅ። ልጆቹ ፊቷን ካላየን ብለው አናታችን ላይ ወጡ። ሄልሜቷን አውልቃ ቤቷ ትግባ!"

"በእኔ ቢሆን ኖሮ..."

"በማን ነው ታዲያ? የምትሥላት አንተ!"

ጋሼ ሥዕሉን ያመጣው የማተሚያው መኪና ማተም ሊጀምር ሲል ነበር።

ወረቀቱ ሳይታጠፍ ሲመጣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ መጨረሻውን ከሰው ሁሉ ቀድሜ አያለሁ። በአንደኛው ገጽ የታሪኩ መነሻ ተደግሞ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ትታያለች። በመጨረሻው ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች። በሩን የከፈተላት ሰውዬ ግን ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሸብቷል፤ ጆሮው ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። በሩም የጋሼ ቤት በር ነው፣ ከነቆርቆሮ ጥጋኙ።

"ፊቷስ? ልጆቹ ይብሉን?" አለ አለቃችን።

"የእሷን አላውቀውም። የእኔን ካወቀችው ይበቃኛል" አለ ጋሼ። አለቃችን አንገቱን ደፍቶ ወደ ቢሮው ገባ።

ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እታለም፣ ጆሮዬን አላጋነንኩትም?"

"እንዲያውም ራርተህለታል።"

ሳቅ አለ፤ ቶሎም ተወው።

"ወደዚያ አገር የሚሄደው ጥቅል የቱ ነው?"

አሳየሁት። ብዙ ቆሞ አየው። በመውጣቷና በመመለሷ መካከል ያለው አንድ እጥፋት ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሌላውን እንደ ልማዴ አጠፍኩ። የዚያን ጥቅል ግን እጥፋቱ አጠገቡ ባለው በር ላይ እንዳያርፍ፣ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቴ።