የሰይድ እግር፣ የእንድሪስ ልብ

በደርግ ዘመን ሰቆጣ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ መጀመሪያ የዳሰስኩት የበሽተኛ እግር እንደ ሬሳ የቀዘቀዘ ነበር። ቀትር ላይ ነው፤ ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል።

በሽተኛው ሰይድ ይባላል፤ ከታናሽ ወንድሙ ከእንድሪስ ጋር ገበያው ዳር ሱቅ ነበራቸው። ሁለት የእግር ጣቶቹ ጠቁረዋል። ትርታ ፈልጌ የእግሩን ጀርባ በጣቴ ጫን አልኩት። የለም። ቦታ ቀይሬ ሞከርኩ። የለም። ሰውየው ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ያወራኛል።

"ስተኛ ሌላ ሰው አብሮኝ የተኛ ይመስለኛል። ስነካው የራሴው እግር ነው" አለኝ።

"ጂን ነው የያዘው" አለ እንድሪስ ከኋላው።

ኃላፊያችን ሲስተር ዘነበች የሰይድን እጅ ገልብጣ አየች። ጣቶቹ በትንባሆ ቢጫ ሆነዋል።

"ጂን አይደለም። ሲጋራው የደም ሥርዎን ዘግቶታል። ካላቆሙ ሌላው እግርዎም ይከተላል" አለችው።

ወደ ደሴ ሆስፒታል ላክነው። እግሩ ተቆርጦ ተመለሰ፤ ሲጋራ ግን ዳግም አልነካም።

እንድሪስ የሚወስደው ሱረት ነው፤ የተፈጨ ትንባሆ በአፍንጫው ይስባል። "እኔ እንደሆንኩ አላጨስም" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሱረቱን ከመሳቡ በፊትና በኋላ የደም ግፊቱን ለካሁት። ግፊቱ ጨመረ። በማዳመጫው ስሰማው፣ የተቀመጠው ሰውዬ ልብ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ልብ ይመታል።

"ልብዎ እየሮጠ ነው፤ ይተዉት" አልኩት።

ሳቀ። "ሰይድ እግሩን ቀበረ። እኔ ይኸው በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ።"

በአንድ የገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከደሃና ወረዳ ማር ይዘው የመጡ ሰዎች ሰላም ብለውት አለፉ። አንዲት ሴት የጨው ዋጋ ጠየቀችው፤ ዝም ሲላት ያኮረፈ መስሏት ሄደች። እኔም ሳልፍ እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት። ዓይኑ ወደ እኔ ነበር።

ሰይድ በምርኩዙ እያዘገመ መጣ። "እንድሪስ፣ ተነስ እንጂ፣ ሱቁን እንዝጋ" ብሎ ትከሻውን ሲይዘው ወደ ጎን ዘመመ። የሰይድን ጩኸት ሰምቼ ተመልሼ ሮጥኩ። ከሞተ ቆይቷል። የቆነጠረው ሱረት ገና በጣቶቹ መሃል ነበር።

"እኔን ነበር የምትቀብረኝ" ይለዋል ሰይድ፣ ደጋግሞ፣ ፊቱን እያበሰ።

ሲስተር ዘነበችን ሱረቱ ነው ወይ የገደለው አልኳት። "ሳይመረመር ማን ያውቃል? ልቡ ቆመ፤ የምናውቀው ይህንኑ ነው" አለችኝ።

ለልብና ለደም ሥር ማጨስ ይብሳል። ጭስ የሌለው ትንባሆም ግፊትን ይጨምራል፣ ልብን ያስሮጣል። ሲጋራውን ትቼ ሱረት ልያዝ ወይ ብሎ የሚጠይቅ በሽተኛ ወደ እናንተ ወደ ጤና ረዳቶች ሲመጣ፣ ሁለቱንም ተው በሉት።