ከሰሌኑ የተመለሰው በርሜል

ጎረቤቴ ሐጅ ኢድሪስ ያልቀመሰውን መጠጤን አረቂ ነው ብሎ በሰው ፊት መልሶብኛል። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ረመዳን ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ከባድ ነገር አይተሽ ይህንን ታነሻለሽ የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ አነሳለሁ። ያኛው በሁላችንም ላይ የመጣ ነው፤ ይህኛው ግን ተመርጦ በእኔ ላይ ነው የመጣው።

የወሎ ሴት ነኝ። ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ሠርቼ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ የልጅ ልጅም አይቻለሁ። የምኖረው ከልጄ ከጀማል፣ ከሚስቱና ከልጆቻቸው ጋር ነበር። ጀማል ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። አንድ ቀን ከተዘጋ ምግብ ቤት የብረት በርሜልና ለስላሳ መጠጥን አረፋ የሚያስይዝ የጋዝ ሲሊንደር አምጥቶ፣ በርሜሉን አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆመው። የማቀዝቀዣውን በር በስቶ ቧንቧ ገጠመለት።

እኔ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ አበባ በዝንጅብል አፈላለሁ፣ በስኳር አጣፍጬ አጠልላለሁ። እሱ በርሜሉ ውስጥ ይጨምርና ጋዙን ይለቅበታል። ቧንቧውን ሲከፍቱት ቀይ ለስላሳ አረፋውን አናቱ ላይ ይዞ ይወርዳል። የልጅ ልጆቼ ከቧንቧው ሥር አንነሳም አሉ።

ካርቱም በረመዳን ወንዶቹ መንገድ ላይ ሰሌን ዘርግተው አብረው ያፈጥራሉ። እያንዳንዱ ቤት ትሪውንና መጠጡን ይልካል። መንገደኛ እንኳ ቢያልፍ ይዘው ያስቀምጡታል። አንዴ የወጣ ምግብ ሳይነካ ወደ ቤት አይመለስም፣ ነውር ነው። የእኔም ትሪ እዚያ ሰሌን ላይ ለዓመታት ተበልቷል።

የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ጀማል በርሜሉን ከነቧንቧው በረዶ የሞላ ሳፋ ውስጥ አድርጎ አወጣው። እኔ በራችን ላይ ቆሜ አያለሁ። አዛን ሲል ቴምር ቀመሱ። ጀማል የመጀመሪያውን ብርጭቆ በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ለሐጅ ኢድሪስ ቀዳ። እስከዚያ በረዶው ሟሙቶ መጠጡ ሞቅ ብሎ ስለነበር፣ አረፋው ገንፍሎ እጁ ላይ ፈሰሰ። ሐጅ ብርጭቆውን አየ፣ በርሜሉን አየ፣ ከዚያ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው።

«የሐበሻ አረቂ በረመዳን? ይህን ወደ ቤት መልሰው» አለ።

ባዶ ብርጭቆ የዘረጉት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። የቤቱ ባለቤት መጣና፣ ፖሊስ ሰምቶ ቤቱን ሳያሽግብኝ ኢድ እንዳለፈ ልቀቁልኝ አለ። የጀማል ሚስት ልጆቹን ይዛ የት እንደምትገባ እያሰበች ታለቅሳለች። ጀማል በርሜሉን እንጣለው አለ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከግቢው በር እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ተመልሼ እስከ በሩ። መስገጃዬ ላይ ቆሜ እንኳ የሚታየኝ ያ መዳፍ ነው። በርሜሉን ከጣልነው አረቂ ነበር ማለት ነው። ቤቱን ዝም ብለን ብንለቅም ያው ነው።

ሐጅን ቅመስና ፍረድ እንዳልለው፣ ቀን ጾመኛ ነው። ሲያፈጥር ደግሞ የጠረጠረውን ነገር ወደ አፉ አያስጠጋም። ሐጅ ሰፈሩ ውስጥ ሱቅ ስላለው፣ እዚያ ድረስ ሄድኩ። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅኩና፣ በሰው ፊት እንደመለስከው በሰው ፊት ና፣ ቤቴ ገብተህ ከውሃው ጀምሮ ስሠራ እይ አልኩት።

እንቢ ማለት አልቻለም። ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጥቶ ግቢያችን ውስጥ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በርሜሉን ፊቱ አጠብኩ። ከርከዴውን ከመጣዴ በፊት ጀማልን ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ጨምርበት አልኩት። ጋዙን ከፍቶ በርሜሉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወዘወዘው። ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ወረደ። ብርጭቆውን ዓይኑ ሥር አስጠጋሁለት።

«ይህም አረቂ ነው?»

ሽማግሌውን ሳቅ አመለጠው። «በል እንግዲህ ሐጅ፣ ውሃውንም መልሰው።»

ከዚያ ከርከዴውን አወፍሬ አፈላሁ፣ በበረዶ አቀዘቀዝኩ፣ ጋዝ ተለቀቀበት። ሐጅ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አየ። የዚያን ዕለት አዛን ሲል ሰሌኑ ላይ ቀድሞ የጠጣው እሱ ነው። በርሜሉ ባዶውን ወደ ቤት ገባ። የቤቱ ባለቤትም ተቀመጡ ብሎ ላከብን።

ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ አለ። ለእኔ አላለቀም። ሱዳኖቹ ማሽላ አብቅለው፣ ሊጡን አቡክተው የሚሠሩት ሒሉ ሙር የሚባል መጠጥ አለ። በየማታው ሰሌኑ ላይ ይወጣል፤ ምን ገብቶበታል ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ሐጅን መንገድ ላይ አቁሜ፣ በርሜሉ ከሌላ ቤት ቢመጣ ኖሮ ትከድነው ነበር ወይ አልኩት። «ኸላስ ያ ሐጃ፣ በቃ፣ ጠጣሁልሽ አይደል» ብሎኝ አለፈ። በሌላ ቀን ደግሜ ብጠይቀው ሳቀና፣ ማታውን ቴምር ላከልኝ። ቴምሩን ተቀበልኩ፤ እኔ የሰው ምግብ አልመልስም። ቴምሩ ግን ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም።

ዛሬ ያ ሰፈር ተበትኗል። እኛም ለቀናል፤ ሐጅ የት እንደደረሰ አላውቅም። ባለበት አላህ ይጠብቀው፣ ቂም አልያዝኩበትም። ነገሩ ትዝ ሲለኝ ግን አሁንም ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እንጎራደዳለሁ።

የዚያው ረመዳን የኢድ ዕለት ሐጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ መልካም ኢድ አለን፣ ለልጆቹም ከረሜላ ሰጣቸው። እኔ ግን ግባ ሳልለው በሩ ላይ እንደቆመ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት። መቁጠሪያውን አገላበጠ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«ላ፣ ያ ኡም ጀማል» አለኝ፤ አልከድነውም ነበር፣ የጀማል እናት ማለቱ ነው። «ከሌላ ቤት ቢመጣ ኖሮ ጠጥቼ ድገሙኝ እል ነበር።»