ከመቂ የመጣችው የስምንት ቀን ልጅ

ሱሃይላ አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ አባቷ እህል ነጋዴ ነበሩ። «ከእህል አቧራ ሸሽቼ ጀሶ አቧራ ውስጥ ገባሁ» እያለች በራሷ ትስቃለች። ታካሚዎቹ መኖሯን እንኳ አያውቁም። ዶክተር መርዳሳ የአፋቸውን ልክ ይወስዳል፤ እሷ በልኩ ላይ ጀሶ ታፈስስና በደረቀው ቅርጽ ላይ ትሠራለች፦ ተኝቶ ጥርሱን ለሚያፋጭ ሹፌር መከላከያ፣ ጥርሷ ለተስተካከለላት ተማሪ ተመልሶ እንዳይጣመም መያዣ።

ይህን ሁሉ የምትሠራው «ቫኪዩም» በሚሏት አንዲት የጠረጴዛ ማሽን ነው። ከላይ ማሞቂያ፣ ከታች አየር የሚመጥጥ ሞተር አላት። የፕላስቲኩ ሉህ ሲሞቅ ይለሰልስና መሃሉ ይረግባል፤ ያኔ ቅርጹ ላይ ዝቅ ሲደረግ ሞተሩ አየሩን ይስበውና ፕላስቲኩ ጀሶው ላይ ልክክ ይላል።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አያንቱ የምትባል ወጣት ከመቂ መጣች። ሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ናት። ያቀፈቻት ልጅ ከተወለደች ስምንት ቀኗ ነበር፤ ላንቃዋ ከመሃል የተሰነጠቀ ነው። ጡት መሳብ አልቻለችም፤ በማንኪያ የሚሰጣት ወተት በአፍንጫዋ ይመለሳል። ስትወለድ ሦስት ኪሎ ነበረች፤ አሁን ሁለት ኪሎ ተኩል። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል፤ ግን ወራት ኖራ፣ ክብደት ጨምራ ነው። እስከዚያ መብላት አለባት።

ዶክተር መርዳሳ ልጅቷን በደረቷ አስተኝቶ፣ ትንፋሿን እየሰማ፣ የላንቃዋን ልክ ወሰደ። «ክፍተቱን የሚሸፍን ሰሌዳ ከተሠራላት ከጡጦ ትጠጣለች» አለና ወደ ሱሃይላ ዞረ። «ዛሬ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አለች።

ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ሉህ የነበራት ሦስት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሞቆ መርገብ ሲጀምር መብራት ሄደ። ፕላስቲኩ ዓይኗ እያየ ደረቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ በኃይል ተመለሰ፤ ሞተሩ አንዴ ጮኸና የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። ማሞቂያው ይሠራል፤ ሞተሩ ግን ዝም። ሁለተኛውን ሉህ አሙቃ በእርጥብ ጨርቅ በእጇ ተጫነችው። መዳፏ ተላጠ፤ የወጣው ግን የተሸበሸበ ነገር ነበር፣ ቅርጹ ላይ የሚወዛወዝ። ይህ የልጅቷ አፍ ውስጥ ቢገባ ያቆስላታል። ወረወረችው።

ቢሾፍቱ ያለ ባለሙያ ጋ ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። ሌላ ጋ ደወለች፤ ማሽን የለውም። በዚህ መሃል አንድ ነገር ልብ አለች፦ ከመጠበቂያው ክፍል ይሰማ የነበረው ለቅሶ የለም። ስትወጣ ልጅቷ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ በእናቷ ክንድ ላይ ዝላለች።

«አሁን ገና ተኛችልኝ» አለች አያንቱ።

ሱሃይላ እንቅልፍ እንዳልሆነ ገባት። ዶክተር መርዳሳም ገብቶታል። «ሰሌዳውን አንጠብቅም። ሆስፒታል ትግባ፣ በቱቦ ይመግቧት» አለ።

አያንቱ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገቻት። «አይሆንም! የመጀመሪያ ልጄን በአፍንጫው ቱቦ ከተው፣ በማግስቱ ሬሳውን ነው የሰጡኝ። ከሞተችም እቅፌ ላይ ትሙት።» ሱሃይላ በኦሮምኛ ለመነቻት፤ ዶክተሩ ቱቦው ገዳይ አለመሆኑን አስረዳት። አያንቱ ግን ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረች። ከወጣች ደግሞ የመቂን መኪና ነው የምትይዘው።

«ሠላሳ ደቂቃ ስጡኝ» አለች ሱሃይላ። «ካልሆነ እኔም አብሬሽ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ከአጠገቧ አልነሳም። እሺ?»

አያንቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ዶክተሩ በጠብታ ስኳር ውኃ የልጅቷን ከንፈር ማርጠብ ጀመረ።

ሱሃይላ ማሽኗን አቅፋ፣ የጀሶውን ቅርጽና የመጨረሻውን ሉህ ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ኦቦ ጋሮምሳ የሚባሉ ፍሪጅ ጠጋኝ አሉ። ፍሪጅ ውስጥ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩን የሚመጥጡበት ፓምፕ እንዳላቸው አይታለች።

«ኦቦ፣ ፓምፕዎ ይህን መሳብ ይችላል?»

ማሽኗን ገልብጠው አዩ። «ይስባል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው።»

«ቀስ ካለ ይደርቅብኛል! ያለኝ አንድ ሉህ ነው። ሕፃን ልጅ እየሞተችብኝ ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ባዶ ሲሊንደር ጎተቱ። «መጀመሪያ የዚህን አየር መጥጠን እንጨርስ። ያንቺ ፕላስቲክ ሲደርስ ቧንቧውን ባንዴ እከፍተዋለሁ።» ሲሊንደሩን ከማሽኗ ጋር በቱቦ አገናኝተው መጋጠሚያውን በላስቲክ ጠቅልለው አሰሩ። ሱሃይላ የመጨረሻውን ሉህ ማሞቂያው ሥር አደረገች። ሉሁ ረገበ፤ ትንሽ ጠበቀች፤ አወረደችው። «አሁን!» ሲሊንደሩ አየሩን ባንዴ ሳበው። ፕላስቲኩ የጀሶው ላንቃ ላይ ተለጠፈ፤ የድዱ መስመር ሁሉ ወጣበት።

ክሊኒክ ተመልሳ ቆረጠችው፣ ጠርዙን በምላሷ እየፈተነች አለሰለሰችው፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ መያዣ ክር አሰረችበት፣ አጥባ ሰጠች። ዶክተሩ አስገባው። የመጀመሪያው ወተት በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። ሁለተኛውም። አያንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ የልጅቷ ጉሮሮ ተንቀሳቀሰ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በአፍንጫዋ ምንም አልወጣም።

የጠጣችው ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ሆስፒታል መግባቷ አልቀረም፤ አያንቱ ግን በገዛ ፈቃዷ ሄደች፣ ሱሃይላም ቃሏን ጠብቃ እስከ ምሽት አጠገቧ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን የልጅቷ ክብደት ንቅንቅ አለ። ቡዜ ብለው ስም አወጡላት።

ልጅ ያድጋልና ሰሌዳው ቶሎ ይጠባል፤ ሱሃይላ አራት ጊዜ አዲስ ሠራችላት። ልጅቷ በሳንባ ምች ሁለት ጊዜ ሞት አፋፍ ደርሳ ተመለሰች፤ ቀዶ ሕክምናው በዚያው ተራዘመ። በዓመቷ ላንቃዋ ተሰፋላት። ከኋላ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ቀርቷል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብሏል፣ መቼ እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። አያንቱ ወደ ሽንኩርቱ ሥራ ተመልሳለች። አንዳንዴ ትደውልና ስልኩን ልጅቷ አፍ ላይ ታደርጋለች። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ ቃሉ አይለይም። ሱሃይላ ሥራዋን አቁማ፣ እስክትጨርስ ድረስ ታዳምጣታለች።