ከጀርባ የሚለዩት ሰው

ታፈሰና ሕንዳውያን ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ባለው መጋዘን በምሳ ሰዓት በስልክ የክሪኬት ግጥሚያ ያያሉ። ጨዋታቸው በስልኩ ላይ የተጫዋቹን ፊት በአውራ ጣት ሸፍኖ፣ በአካሄዱ ብቻ ማንነቱን መገመት ነው። በዚህ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉት ሽማግሌው ኢትዮጵያዊ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ አንዴ ያዩትን ተጫዋች ስተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ቺት ያደርጋሉ እንዴ?» አለ ታፈሰ እየሳቀ።

«ድሮ አዲስ አበባ ሥራዬ ነበር። ፊቴን ተሸፍኜ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ታጣቂዎቹ የሚፈልጉትን ሰው በአካሄዱ እለይላቸዋለሁ።»

የታፈሰ ሳቅ ቀጥ አለ። አባቱ በቀይ ሽብር ጊዜ ከመንገድ ተይዞ እንደወጣ ቀርቷል፤ ማን እንደጠቆመው ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ።

«ቆይ ልጄ» አሉት ዘበኛው ከኋላው፣ ረጋ ብለው። «እስቲ እንደገና ተራመድ።»