ፈርመሽ ትሄጃለሽ

ፖሊሶች የያዙኝ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ፊሽካዬ አንገቴ ላይ እንዳለ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ስፖርት አስተምር ነበር። ያስገቡኝ የቀድሞ የማሽላ መጋዘን ውስጥ ነው፦ ሰባት ሴቶች፣ የሚያቃጥል ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ ለሽንት የተቀመጠ አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን። ሽንት ቤት የሚያወጡን ጠዋትና ማታ ብቻ።

ሽንቴ አልታገሥ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ድንገት ይመጣል፤ ፋታ አይሰጥም። ለባሌም አልተናገርኩም። በዚያ ሙቀት ውኃ መጠጣት ተውኩ። ስፖርቱንም ተውኩ። በአራተኛው ቀን ራሴን ሳትኩ።

ስነቃ ጭንቅላቴ አንዲት የካራቆሬ ነጋዴ ጭን ላይ ነበር። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ነበሩ።

«ለምን አትጠጪም?»

«አሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሽንት ፈርተሽ ነው። እኔም ከስድስተኛው ልጄ ወዲህ እንደዚያው ነኝ። አላህ የፈጠረው ገላ ያሳፍራል እንዴ? ጠጪ። ሲመጣብሽ አትሩጪ፤ ቁሚና ከታች ጨምቀሽ ያዢው።»

ሻርፓቸውን ጀሪካኑ ፊት ዘረጉልኝ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂት እየጠጣሁ ከግድግዳ ግድግዳ እራመድ ጀመር። ቁጭ ብድግ ስሠራ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ለምርመራ ተጠራሁ። እንድፈርም የቀረበልኝ ወረቀት ላይ የሦስት ባልደረቦቼ ስም ነበር፤ የተከለከለ ስብሰባ ሲጠሩ አይቻለሁ ይላል። አላየሁም። ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ መጣብኝ።

«ሽንት ቤት ልሂድ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ገፋልኝ። «ፈርመሽ ትሄጃለሽ።»

ጨምቄ ያዝኩ። አንዴ አለፈልኝ። ሁለተኛም አለፈ። በሦስተኛው በእግሬ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ።

መርማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«መወልወያ ይሰጠኝ» አልኩ።

«ተዪው፣ ሌላ ሰው ያጸዳዋል።»

«የእኔ ነው፤ እኔ እወለውላለሁ።»

አመጡልኝ። ተንበርክኬ፣ ሳልቸኩል፣ ጥግ ድረስ ወለወልኩ። ወረቀቱ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ዳግመኛ አልጠራኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ስነግራት የፊኛ ሕመም እንደሆነ፣ ሕክምናም እንዳለው አስረዳችኝ። አሁን ፀሐዩ ሳይበረታ ከአራት እኩዮቼ ጋር በአስፋልቱ ዳር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ እንራመዳለን። ስለ እስሬ ሳወራ ያችን የምርመራ ቀን ዝለያት የሚሉኝ አሉ። አልዘላትም። ባለፈው ሳምንት ከአራቱ አንዷ፣ ለዓመታት የማውቃት ሴት፣ ወደ ኋላ ቀረት ብላ «የእኔም እንደዚያው ነው» አለችኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።