አሥራ አንድ ደቂቃ

አክስቴ የሰው ጽሑፍ እየተየበች የምትኖር ሴት ናት። የተማሪ መመረቂያ፣ የጠበቃ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በጣቶቿ ያልፋል። የምትሠራው ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ባለ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። መስኮቱ ሥር ብትቀመጥ ብርሃኑ ይመቻት ነበር፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የሚገባው ፀሐይ ላፕቶፑን ያግለዋል።

ባትሪው እንዳይደክም፣ ሃያ በመቶ ሲቀረው ቻርጀሩን ትሰካለች፣ ሰማንያ ሲደርስ ትነቅላለች። አልጋም ትራስም ላይ አታስቀምጠውም፤ ሥሩ ያሉት መተንፈሻዎች ይታፈናሉና። ቤቱን ለቃ የምትሰነብት ከሆነ ግማሽ ድረስ ሞልታ ታጠፋዋለች። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሙሉውን ትሞላና ስንት እንደሚቆይ ትለካለች። ያገኘችውን ከላፕቶፑ ሥር በለጠፈችው ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። አራት ሰዓት። አራት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ።

ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በዚህ ሲስቅባት ነው የኖረው። «ሰማንያ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«እሜቴ ሰማንያ፣ ልጅሽን ጡት አስጣልሽው?» ይላታል፣ ቻርጀር ስትነቅል ባያት ቁጥር።

ከሦስት ዓመት በፊት ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ለመቅጠር ፈተና አወጣ። ፈተናው የአንድ ሰዓት ነበር። አዳራሹ በቂ ሶኬት ስለሌለው ተፈታኙ ሁሉ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይዞ እንዲመጣ ተነገረ። አክስቴ ያንን ሥራ ከልጅነቷ ጀምሮ ነበር የምትመኘው። ያኔ በቀን የምትሠራው በአንድ ጠበቃ ቢሮ ኮምፒውተር ስለነበረ፣ አጎቴ የሷን ላፕቶፕ ለሁለት ወር ተውሶ ወስዶ ነበር። ስትሰጠው አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም «እሺ፣ እሺ» አላት። ቤቱ ወስዶ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው፣ ቻርጀሩን ሰካው፣ ኳስ ሲያይበት ከረመ። ሁለት ወር ሙሉ አልነቀለውም።

የመለሰላት በፈተናው ዋዜማ ነው። ለመለካት ጊዜ አልነበራትም። ስትሞላው መቶ አለ፤ አመነችው።

ፈተናው በተጀመረ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ስክሪኑ ጠፋ። ፈታኙ ሰዓቱ ሳያልቅ ማንንም አያስወጣም። ስለዚህ አክስቴ አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ፊት፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌሎቹን የቁልፍ ድምፅ ስታዳምጥ ተቀመጠች።

ስትነግረው አጎቴ ትከሻውን ሰበቀ። «ዕቃ አይደል እንዴ፣ ያረጃል» አላት።

 አክስቴ ሌላ ላፕቶፕ ገዛች። አሮጌውን ግን አልጣለችውም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረችው። በየሦስት ወሩ እያወጣች አቧራውን ትወለውለዋለች፣ ትሞላዋለች፣ ትለካዋለች፣ ትጽፋለች። አሥራ አንድ ደቂቃ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ለማን እንደምታስቀምጠው አልጠየቅኋትም። ፊቷን አይቼ ፈራሁ።

ዘንድሮ አጎቴ ለሕንፃቸው ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ተወዳደረ። ገና ሳይመረጥ ጎረቤቶቹ «ሊቀመንበር» እያሉ የሚቀልዱበት ሰው ነው፤ ስሙን ወዶታል። ግማሽ ሰዓት የሚወስደውን ንግግር አክስቴ ራሷ አዘጋጅታ ተየበችለት። ተይቦ ሲያልቅ አላነበበውም፤ በፍላሽ ተቀበለና ኪሱ ከተተ። ስብሰባው የሚካሄደው ግቢው ሣር ላይ ስለሆነ ሶኬት የለም። የገዛ ላፕቶፑ ደግሞ፣ እንደሚጠበቀው፣ ከቻርጀር ተነቅሎ አይሠራም።

«ሰማንያዬ፣ አንቺ ነሽ የምታወጪኝ» እያለ መጣ።

አክስቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ አሮጌውን ሰጠችው። የብረት ክዳኑ ያበራል።

«ስንት ይቆያል?»

«ከሥሩ ተጽፏል፣ ወንድምጋሼ።»

አጎቴ ግን አልገለበጠውም። ከፍቶ አየና «መቶ ይላል እኮ» ብሎ ደስ አለው።

እሑድ ጠዋት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ ስለ ደረጃው መብራት አነበበ፣ ስለ በሩ ጥበቃ አነበበ። አክስቴ የእጅ ሰዓቷን ትመለከታለች።

«ሦስተኛውና ዋነኛው እቅዳችን» አለና ቆመ።

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሌላ ተጫነ። ክዳኑን ዘግቶ ከፈተው።

«ዋነኛው ምንድን ነው?» አለች ከፊት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ። «ወይስ ሚስጥር ነው?»

ሰው ሳቀ። አጎቴ የራሱን እቅድ አያውቀውም ነበር።  የንግግሩ የታተመ ቅጂ አክስቴ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስታጥፈው አይቻለሁ። አሳዘነኝና እጄን ወደ ቦርሳው ሰደድኩ። አክስቴ እጄን ቀስ ብላ ያዘችው።

«ተይው» አለችኝ።

አጎቴ በዓይኑ ሲፈልጋት አገኛት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ተፎካካሪው፣ ከሦስተኛ ፎቅ የመጣችው ፋርማሲስት፣ ያለ ወረቀት ተናገረች፤ ተመረጠች።

በማግሥቱ አጎቴ መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«አነበብኩት» አለ።

«ጥሩ።»

«እያወቅሽ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እኔ ሳይነገረኝ ነው ፈተና የገባሁት። ላንተ ተጽፎልህ ነበር።»

አጎቴ ፕላስተሩን አየ። «በይ እንግዲህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተካካስን።»

አዲሱ ላፕቶፕ ሰማንያ ደርሶ ነበር። አክስቴ ቻርጀሩን ነቀለች፣ ገመዱን ላላ አድርጋ ጠቀለለችው።

«እኔ አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የተቀመጥኩት» አለች። «አንተ የቆምከው አራት ነው።»

ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ወንበር በአገጯ አሳየችው። አሮጌውን ላፕቶፕ አቀናችና ከፍታ ጥቁር ስክሪኑን ወደ ወንበሩ አዞረችው። ከዚያ መተየብ ጀመረች።

አጎቴ ወደ እኔ አየ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ያስቆመው ሰው አልነበረም።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።