ከመቐለ ውቅሮ፣ ሞተሯ ገና በተጠገነ መኪና

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ዓዲ ሓቂ

ጎሕ ሲቀድ ከግቢ ወጣን። ከጎኔ አከራዬ አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሰው ግን በድምፁ ካልሆነ አያውቁም። ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ውቅሮ መጥተዋል። የመጨረሻው ምዝገባ ዛሬ ነው፣ ያውም እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ብቻ።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ እዚህ መቐለ ኬሚስትሪ የማስተምር ሴት ነኝ። መኪናዬ በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ቆማ የዶሮ ማደሪያ የነበረች አሮጊት ናት። ሞተሯ ወርዶ፣ ብትንትኑ ወጥቶ፣ እንደገና ተገጥሞ ከጋራዥ የወጣችው ትናንት ነው። ያጠራቀምኩት ሁሉ እሷ ላይ አልቋል።

አደይ ድምፁን አዳምጠው፣ «ጽቡቕ ነው። ታማ እንደዳነች ሴት በደንብ ትተነፍሳለች» አሉ።

ብርድ ስለሆነ ማሞቂያውን ከፈትኩላቸው። እጃቸውን ዘረጉና፣ «ይሄስ ቀዝቃዛ ነው፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ገና ስላልሞቀች ነው ብዬ አለፍኩት።

12 ሰዓት ከ25፤ የኵሓ ዳገት

መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከታች የከተማዋ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ፀሐይ እየነካቸው ነው። ባጃጆች ያቃስታሉ፣ ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና ከፊታችን ጥቁር ጭስ ይተፋል። እሱን ልቀድም ስል ዓይኔ የሙቀት መለኪያው ላይ አረፈ። መርፌው ከመሃል አልፎ ቀዩን ሊነካ ተቃርቧል።

ዳር ይዤ አጠፋሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

«ምን ሆነች?» አሉ አደይ።

«ሞቀች፣ አደይ።»

ሞተር አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቀ የላይኛው ክፍል ይጣመማል፤ የስንት ሳምንት ሥራ በአንድ ዳገት ገደል ይገባል። ኮፈኑን ከፍቼ እጄ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሄድ ያዝኩትና ለመካኒኩ ለአያ ሐጎስ ደወልኩላቸው።

«ክዳኑን እንዳትነኪው፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል» አሉ ገና «ሞቀች» ስል። ቀጥለውም፣ «ማሞቂያውን ከፍተሽ ነበር?»

«አዎ፣ ግን መንገዱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው የሚሰጠው።»

«የውሃው መስመር አየር ይዟል ማለት ነው። እዛው ቁሚ፣ መጣሁ።»

12 ሰዓት ከ45፤ እዚያው

አንድ ሚኒባስ ቆመ። ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አደይን እሳቸው ብቻ እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

«ወርጄ ወዴት እደርሳለሁ? በሩን ማን ያሳየኛል?» አሉ። ሚኒባሱ ሄደ።

ሰዓቴን በየደቂቃው አያለሁ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። «አጆኺ። ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ግማሽ ሰዓት አያቅተውም» አሉኝ። አላጽናናኝም። ትናንት በታክሲ ብወስዳቸው ኖሮ ይሄኔ ተመዝግበው ነበር፤ በራሴ መኪና ላድርሳቸው ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዓይናለም መንደር በኩል ጀሪካን የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት ደረሰች። በዚህ ከተማ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ስለማውቅ ለመጠየቅ አፈርኩ። አደይ ግን በትግርኛ አነጋገሯት፤ ወዴት እንደምንሄድ ነገሯት። ሴትዮዋ አንዱን ጀሪካን አውርዳ እግሬ ሥር አስቀመጠችውና፣ «ባዶውን ስትመለሱ እዛች ሱቅ ተዉልኝ» ብላ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ሱቅ አሳይታኝ አህያዋን ተከተለች።

1 ሰዓት ከ10፤ አያ ሐጎስ

በባጃጅ መጡ፤ ቱታቸው ላይ ሹራብ ደርበዋል። በመጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዘው በጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ውሃ ዘይቱ ውስጥ አልገባም። ቶሎ ስላጠፋሻት ተርፋለች» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ አደይም እንዲሰሙ ጮክ አድርገው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ላደርስልሽ ቸኩዬ አየሩን በደንብ ሳላስወጣ ሰጠሁሽ» አሉ።

ልቆጣቸው ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ የውሃውን ጀሪካን አቀረብኩላቸው።

ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። «አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አየር ወደ ላይ ይወጣል» ብለው ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ከፈቱ። ሞተሩን አስነሳሁ። እሳቸው ውሃውን በጥቂቱ እየጨመሩ ወፍራሙን የጎማ ቱቦ እንደ ጡት ያልባሉ። ውሃው ይጎድላል፣ ይጨምራሉ። ጉልክ፣ ጉልክ እያለ አረፋ ይወጣል። እኔ መሪው ላይ ሆኜ መርፌው ላይ አፍጥጫለሁ። መሃል ደረሰ። ትንሽ አለፈ።

«ጓለይ፣ ሞቀ» አሉ አደይ። እጃቸው ማሞቂያው ላይ ነው። «ኧረ እንዲያውም ያቃጥላል።»

መርፌው ወደ መሃል ተመለሰና እዚያው ቆመ። አያ ሐጎስ ክዳኑን አጠበቁ፣ እጃቸውን ጠረጉና የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። «ውቅሮ ድረስ አብሬ እሄዳለሁ» አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

2 ሰዓት ከ50፤ ውቅሮ

በዝግታ ነዳሁ። አጉላዕ ላይ ቆመን ኮፈኑን ከፈትን፤ ውሃው አልጎደለም። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን ያየሁት፤ ቀይ ድንጋይ፣ የበለስ አጥር፣ የታጨደ ማሳ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፉ አልቆ መዝጋቢዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች ነበር። አያ ሐጎስ በአንድ ክንድ፣ እኔ በሌላው፣ አደይን ይዘን ገባን። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ስም?» አለች።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ መመለሻ

የቀኝ ዓይናቸው ሞራ የወጣው ትናንት ከሰዓት ነው፤ እዚያው አድረን ጠዋት ፋሻው ተነሣ። ግራው ተራ ይጠብቃል። አደይ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩ። «አንቺ፣ ሽበት አውጥተሻል» አሉኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አያ ሐጎስ መኪናዋን ልይ ብለው ወጡ።

ቁልቁለቱን ወርደን፣ ጀሪካኑን ሱቁ ጋ ትተን፣ ከተማ ገባን። አደይ ቤት አልፈለጉም፤ ቀዳማይ ወያነ ገበያው ጋ አቁሚ አሉኝ። ጥቁር መነጽራቸውን አስተካክለው ወረዱ። ልከተላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

ቀስ እያሉ በሰዉ መሃል ሄዱ። ቲማቲም የምትሸጥላቸው የድሮ ደንበኛቸው አንገቷን ደፍታ ትደረድራለች፤ አላየቻቸውም። አደይ ፊቷ ቆሙ፣ ፊቷን አዩዋት፤ ከዚያ እሷ ቃል ሳትተነፍስ በፊት በስሟ ጠሯት።